ወሬኛው የመንገድ ጓደኛ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ አንድ የሚያስቅ ፊልም የጻፍሁትን ይህን አስተያየት በአንባቢያን ዓምድ ላይ ታወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። የኑሮ ውድነት፣ የመጓጓዣ ችግርና የመሥሪያ ቤት ጣጣ እያለ ስለ ሳቅ መጻፍ ሥራ መፍታት የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔም መጀመሪያ እንዲሁ መስሎኝ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። ነገር ግን በመሥሪያ ቤታችን ሻይ ክበብ የተነሣ አንድ ክርክር ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ለመጻፍ ተገደድሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኅቴ ልጅ በፍላሽ ያመጣልንን አንድ የአሜሪካ ፊልም በእሑድ ቀን ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን አየን። ሰኞ ጧት ለባልደረቦቼ ባጫውታቸው ሁለቱ ቀድመው አይተውት ኖሮ ወዲያው ክርክር ተነሣ። አንደኛው «ኮሜዲ የሚባለው ሁሉ ሰው ሲወድቅና ሲነሣ እያዩ ጥርስ ማግጠጥ ነው፤ ቁም ነገር የለበትም» አለ። ሁለተኛው ደግሞ «የለም፣ ቁም ነገርስ አለው፤ ቁም ነገሩም ከማያውቁት ሰው ጋር መንገድ አለመጀመር ነው» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። እኔ ሦስተኛ አሳብ ነበረኝ፤ ነገር ግን የሻይ ሰዓት አልቆ ሳልናገረው ቀረሁ።

ፊልሙ «ፕሌንስ፣ ትሬንስ ኤንድ አውቶሞቢልስ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ አውሮፕላኖች፣ ባቡሮችና መኪናዎች እንደ ማለት ነው። ድርሰቱንም ዝግጅቱንም የሠራው ጆን ሂዩዝ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ ለሕዝብ የታየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ሁለቱን ዋና ሰዎች ሁነው የሚጫወቱት ስቲቭ ማርቲንና ካናዳዊው ጆን ካንዲ ናቸው።

ታሪኩን ለመረዳት አስቀድሞ በዓሉን ማወቅ ያስፈልጋል። አሜሪካኖች የምስጋና ቀን የሚሉት በዓል አላቸው። ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በ1863 ዓ.ም. ለአገሩ ሁሉ አወጁት፤ በ1941 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ደግሞ ቀኑ የኖቬምበር ወር አራተኛው ሐሙስ ሁኖ ተወሰነ። በዚያ ቀን ልጅ ከወላጁ፣ ወንድም ከወንድሙ ጋር በአንድ ገበታ ይቀርባል። ስለዚህ ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀኖች አውሮፕላኑም ባቡሩም መንገዱም በሰው ይጨናነቃል። በመስቀል ሰሞን የአውቶቡስ ተራን ግፊያ ያየ ሰው ይህን ለመገመት አይቸገርም።

ኒል ፔጅ የተባለው ሰው የማስታወቂያ ሥራ ኃላፊ ነው። ሱፉ የተተኮሰ፣ ሰዓቱን በየደቂቃው የሚያይ፣ በሥርዓት የሚኖር ሰው ነው። በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ለሥራ ከሄደበት ከኒው ዮርክ ተነሥቶ ሚስቱና ልጆቹ ወዳሉበት ወደ ሺካጎ ለመመለስ ይቸኩላል። ታክሲ ለመያዝ ሲሮጥ መንገድ ዳር የተቀመጠ ትልቅ ሣጥን ጠልፎ ይጥለዋል። ሌላ ታክሲ ለማግኘት ለአንድ ጠበቃ 75 ዶላር ይከፍላል፤ ያንንም ታክሲ ሌላ ሰው ሳያውቅ ገብቶ ይዞበት ይሄዳል። የሣጥኑም ባለቤት፣ ታክሲውንም የወሰደው አንድ ሰው ነው፤ ስሙ ዴል ግሪፊዝ፣ ሥራውም ከአገር አገር እየዞረ የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ የሚሰቀልበትን ቀለበት መሸጥ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ደግሞ ወንበራቸው ጎን ለጎን ይሆናል። ዴል ወሬውን ይጀምራል፤ ቀጥሎም ጫማውን ያወልቃል፤ ከዚያም ካልሲውን።

በሺካጎ ከባድ በረዶ በመጣሉ አውሮፕላኑ ካንሳስ በሚባለው ግዛት ዊቺታ ከተማ ላይ ያርፋል። ከዚያ ወዲያ ከሦስት ሰዓት የማያልፈው በረራ የቀናት መከራ ሁኖ ይቀራል። በሆቴል አንድ ክፍል፣ በክፍሉም አንድ አልጋ ብቻ ይገኛል። ሌሊት ሌባ ገብቶ የሁለቱንም ገንዘብ ይወስዳል። ባቡር ቢሳፈሩ ባቡሩ ሜዳ ላይ ይበላሻል። አውቶቡስ ይዘው ሴንት ሉዊስ ይደርሳሉ። መኪና ቢከራዩ መኪናው በእሳት ይጋያል። እኔና ባለቤቴ እዚህ ላይ ስንደርስ ከሳቅ ብዛት ዕንባችንን እንጠርግ ነበር።

አሁን ወደ አሳቤ ልመለስ። ወዳጄ «ሰው ሲወድቅና ሲነሣ ማየት» ያለው እውነት ነው፤ ሰውየው ይወድቃል፣ ይነሣል። ነገር ግን ደራሲው ከዚህ ሁሉ ውድቀት በታች አንድ ነገር ደብቆ አስቀምጧል፤ እኔም እንደ ኒል ሳላየው አለፍሁ።

በመጀመሪያው ሌሊት በዚያች አንድ አልጋ ምክንያት ኒል ትዕግሥቱ አልቆ ሰውየውን ፊት ለፊት ይዘልፈዋል። ወሬው መጨረሻ እንደሌለው፣ ተረቱ ፍሬ እንደሌለው፣ አጠገቡ መቀመጥ ቅጣት እንደሆነ አንድ በአንድ ይዘረዝርለታል። እኔም በልቤ «አበጀህ!» አልሁ። ዴል ግን ስድብ አይመልስም። ፊቱ ይለዋወጣል፤ ዝም ብሎ ይሰማና የፈለግኸውን አስብ፣ እኔ ራሴን እወዳለሁ፣ ሚስቴም ትወደኛለች፣ ደንበኞቼም ይወዱኛል የሚል መልስ ይሰጠዋል። «ሚስቴ ትወደኛለች» ነው ያለው እንጂ «ትወደኝ ነበር» አላለም። ይህን ልብ በሉልኝ።

ኒል በየደረሰበት ለሚስቱ ስልክ ይደውላል፤ መቼ ሐሙስ በደረሰልኝ እያለ ይጨነቃል። ዴል ግን ከዚያ ከትልቁ ሣጥን ጋር ይጓዛል፤ አውሮፕላኑ ቢቀር፣ ባቡሩ ቢበላሽ ያን ያህል አይጨነቅም። እኛም ግድ የለሽ ሰው ነው ብለን እንስቃለን። በመጨረሻው ሌሊት ኒል በሥራ ምክንያት ከቤቱ ብዙ ጊዜ መራቁ ሲቆጨው፣ ዴል ከቤት ከራቅሁ ዓመታት አለፉኝ የሚል ቃል ጣል ያደርጋል። ኒል ይህንንም እንደ ሌላው ወሬ ቆጥሮ ያልፈዋል።

በመጨረሻ በጭነት መኪና ተጭነው ሺካጎ ይደርሳሉ፤ በከተማው ባቡር ጣቢያም ተሰናብተው ይለያያሉ። ኒል ወደ ቤቱ በሚወስደው ባቡር ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ የመንገዱን መከራ እያስታወሰ ፈገግ ሲል፣ በድንገት ፈገግታው ከፊቱ ይጠፋል። ያ ከቤት ከራቅሁ ዓመታት አለፉኝ የሚለው ቃል ትዝ ብሎት ነው። ተመልሶ ቢሄድ ዴል በዚያው ጣቢያ ከሣጥኑ ጋር ብቻውን ተቀምጧል። ቤትም የለው፤ ሚስቱም ከሞተች ስምንት ዓመት ሁኗታል። ኒል ሣጥኑን አብሮ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ወስዶ ከበዓሉ ገበታ ያቀርበዋል። ፊልሙም በዚሁ ያልቃል።

ባለቤቴ ስታለቅስ አየኋት። እኔም ለማልቀስ ምንም ያህል አልቀረኝም ነበር፤ ዳሩ ግን ከልቅሶው ይልቅ ኀፍረት ያዘኝ። ምክንያቱም ኒል ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራውን አክባሪ፣ ሚስቱን ወዳድ፣ ልጆቹን ናፋቂ ሰው ነው። የዴልን ጉድለት ሲዘረዝርም አንድ ስሕተት አልተናገረም፤ ሁሉም እውነት ነበር። ያጠፋው ጥፋት አንድ ብቻ ነው። ቀንም ሌሊትም አብሮት ሲጓዝ፣ በአንድ አልጋ ላይ ሲተኛ፣ «ወንድሜ፣ ቤትህ የት ነው? በዓሉን ከማን ጋር ልትውል ነው?» ብሎ አልጠየቀም። የካልሲውን ሽታ እንኳ አውቆ፣ ቤት እንደሌለው ግን አላወቀም።

በአገራችን «አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል» ይባላል። ወሬ የሚያበዛውን ሰው ሁሉ ባዶ ነው ብለን የምንንቀው በዚህ ነው። ይህ ፊልም ግን ያሳየኝ ሌላ ነገር ነው፤ ሰው ወሬ የሚያበዛው አንዳንድ ጊዜ ማታ ቤቱ ሲገባ የሚያናግረው ስለሌለ ነው።

ከ23 ዓመት በኋላ፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ይህንኑ የሚመስል «ዲው ዴት» የሚባል ሌላ ፊልም ወጥቷል፤ አዘጋጁ ቶድ ፊሊፕስ ነው። በዚያም አንድ ቁጡ የሕንፃ ነዳፊና አንድ ወፈፍ የሚያደርገው ተዋናይ ለመሆን የሚመኝ ሰው ከአትላንታ እስከ ሎስ አንጀለስ በመኪና ይጓዛሉ። ነዳፊው የሚጣደፈው ሚስቱ ልትወልድ ስለሆነ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የሞተ አባቱን ዐመድ በቡና ቆርቆሮ ይዞ ይሄዳል። ዐመዱንም ሌላ ሰው ቡና መስሎት አፍልቶ ያቀርበዋል! ይህም ያስቃል፤ ነገር ግን እዚያ ሐዘኑን ተመልካች ቀደም ብሎ ስላወቀው፣ ሲስቅም ሲያዝንም ተዘጋጅቶ ነው። የጆን ሂዩዝ ሥራ የሚበልጥብኝ ሐዘኑን እስከ መጨረሻው ሰውሮ እኛንም ከኒል ጋር አብሮ ጥፋተኛ ስለሚያደርገን ነው። የሳቅንበትን ሰው መጨረሻ ላይ ስናውቀው፣ የሳቅነውን ሳቅ መልሰን ልንውጠው አንችልም።

ለእኛ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ደግሞ በተለይ የሚጠቅም አንድ ቦታ አለ። ኒል የተከራየው መኪና በቦታው ሳይገኝ ቀርቶ፣ በብርድና በጭቃ ረጅም መንገድ በእግሩ ተመልሶ አከራዩ ድርጅት መስኮት ላይ ይደርሳል። የመስኮቷ ሠራተኛ ስለ በዓሉ ምግብ በስልክ እየሣቀች ታወራለች፤ እሱ ቆሞ ይጠብቃል። ስልኩን ስትዘጋ በፈገግታ ምን ልርዳዎት ትለዋለች። እሱም የስድብ ናዳ ያወርድባታል፤ አንዱ ነውረኛ ቃል ብቻ ከደርዘን በላይ ይደጋገማል። እሷም ሰምታ ስትጨርስ የኪራዩን ውል ትጠይቀዋለች። ውሉን ግን በንዴት ጥሎታል! ወረቀት ከሌለ ደግሞ መኪና የለም።

ባልደረቦቼ በዚህ ቦታ ላይ «ተሳዳቢን እንዲህ ነው!» ብለው ደስ ተሰኙ። እኔም ተሰኝቼ ነበር። በኋላ ግን ነገሩን አሰብሁት። የሰውየው ስድብ ነውር ነው፤ ማንም አይደግፈውም። ነገር ግን ያ ሰው ከመስኮቱ ከመድረሱ በፊት ስንት መንገድ በእግሩ እንደ መጣ ተመልካቹ አይቷል፤ ሠራተኛዋ ግን አላየችም። እኛስ መስኮታችን ላይ የሚቆመው ባለጉዳይ ከየት ተነሥቶ፣ ስንት ታክሲ ቀይሮ እንደ መጣ እናያለን? ስልካችንን ይዘን በጣታችን «ቆይ» ብለን ያቆምነው ሰው አልነበረም? ሰዓቱን ለሚያባክንብን ወሬኛ ትዕግሥት የሌለን ሰዎች፣ የሌላውን ሰዓት ስናባክን ግን አይሰማንም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ያለዚያ ሰው መካሪ መስዬ መቅረቴ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መሥሪያ ቤቴ ለዓመታዊ የንብረት ቆጠራ ወደ ደሴ ልኮኝ ነበር። ከሹፌሩ ሌላ አብረውኝ የሄዱት በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ናቸው። ጋሼ እያልሁ ነው የምጠራቸው። ገና ሰንዳፋ ሳንደርስ ወሬያቸውን ጀመሩ። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ስለ ብርዱ፣ ጣርማ በር ላይ ስለ ዋሻው፣ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ስለ ሙቀቱ አወሩ። በየመካከሉም ከከረጢታቸው ቆሎ እየዘገኑ «እንካ፣ መንገድ ያለ ቆሎ አይሆንም» ይሉኛል። እኔ መጀመሪያ «እሺ፣ አዎን» እያልሁ ቆየሁ፤ ኋላ የስልኬን ማዳመጫ በጆሮዬ ከትቼ የተኛሁ መሰልሁ። እንዳልተኛሁ ያወቁ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለሹፌሩ ማውራት ጀመሩ። ደሴ ስንደርስ ሌላ ሆቴል ያዝሁ። ሥራው ሲያልቅም «ጉዳይ አለብኝ» ብዬ በማግሥቱ በአውቶቡስ ተመለስሁ። ጉዳይ አልነበረኝም።

ሰውየው ከዚያ በኋላ በጡረታ ተሰናበቱ። እንደ ልማዳችን ገንዘብ አዋጥተን ስጦታ ገዛን፤ በተሰናበቱበት ዕለት ስላልመጡ ወደ ቤታቸው መውሰድ ግድ ሆነ። ያሰባሰበችው ልጅ ወደ እኔ መጥታ «እርስዎ አብረዋቸው ደሴ ሄደው የለም? ቤታቸው የት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር ያላነሰ መንገድ አብሬአቸው ሄጃለሁ፤ የሰጡኝን ቆሎ በልቻለሁ፤ ቤታቸውን ግን አላውቅም። ማን እንዳላቸው፣ ከማን ጋር እንደሚኖሩም አላውቅም። የነገራት የበሩ ዘበኛ ነው። ማታ ማታ ሲወጡ አጠገቡ ቆም ብለው ያጫውቱት ስለነበር እሱ ሰፈራቸውን ያውቃል። ስጦታውንም ሌሎች ወሰዱላቸው፤ እኔ ስብሰባ ነበረብኝ።

እንግዲህ ኒል ከባቡሩ ወርዶ ሲመለስ ባየሁ ጊዜ ያስታወስሁት ይህን ነው። እሱ በዚያው ቀን ተመለሰ። እኔ ዓመታት አለፉኝ።

አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ በማለቴ ወሬኛን ሁሉ ታገሡ፣ የሥራ ሰዓታችሁን በጨዋታ ጨርሱ ማለቴ አይደለም። ፊልሙም ዴልን እንከን የለሽ አድርጎ አላቀረበውም። በአንድ ኪስ ቦርሳ ስሕተት የኒልን ክሬዲት ካርድ ተጠቅሞ መኪና ተከራየ፤ በግድ የለሽነት የጣለው ሲጋራም መኪናውን አቃጠለ፤ ሌሊት በተቃራኒው የመንገድ አቅጣጫ ነድቶ ሁለቱንም ከሞት አፋፍ አደረሳቸው። እንዲህ ዓይነቱን ሰው «ቀስ በል» ማለት ተገቢ ነው። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመሰልቸታችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። የቤቱን፣ የልጆቹን፣ የበዓል ውሎውን ነገር መጠየቅ ከደቂቃ የበለጠ አይወስድም። ከመልሱ በኋላ ወሬው ቢያሰለቸን እንኳ፣ ሰውየውን አውቀን ነው የምንሰለቸው።

ፊልሙን ለማየት ለሚፈልጉም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከላይ በጠቀስሁት ስድብ ምክንያት ከሕፃናት ጋር ቁጭ ብሎ የሚታይ አይደለም፤ ወላጆች አስቀድመው ይዩት። መጨረሻውም ትንሽ ጣፍጦብኛል፤ የኒል ሚስት ያን ሁሉ ቀን ጠብቃ ስታበቃ ፈገግ ከማለት በቀር የምትናገረው እምብዛም የላትም፤ በእኛ ቤት ቢሆን ግን ጥያቄው ብዙ ነበር። ይህ ሁሉ ግን የጆን ካንዲን ጨዋታ አያሳንሰውም። ይህ ሰው በ1994 ዓ.ም. ገና በ43 ዓመቱ ሞተ፤ አዘጋጁ ጆን ሂዩዝም በ2009 ዓ.ም. ዐርፏል። የሠሩት ሥራ ግን ይኸው በአዲስ አበባ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ እንቅልፍ እንዲያጣ አድርጓል። ቁም ነገር የለበትም ላለው ወዳጄ መልሴ ይህ ነው።

ሌላው ወዳጄ ከማያውቁት ሰው ጋር መንገድ አለመጀመር ነው ብሎ ነበር። ለእሱ ደግሞ መልሴ፣ አብሮን የሚሠራውንም፣ አብሮን የሚጓዘውንም እስክንጠይቀው ድረስ አናውቀውም የሚል ነው። እንደ አሳቡ ከሆነ ማንም ከማንም ጋር መንገድ ሊጀምር አይችልም።

ከዘበኛው ሰፈራቸውን ጠይቄ ተረድቻለሁ። በመጪው በዓል ዋዜማ ሄጄ ጋሼን ልጠይቃቸው ቆርጫለሁ። ቆሎም ይዤ እሄዳለሁ። ይህን በጋዜጣ መጻፌ ለመመጻደቅ አይደለም፤ ጠባዬን ስለማውቀው እንደ ልማዴ «ስብሰባ አለብኝ» ብዬ እንዳልቀር ባልደረቦቼ ምስክር ይሁኑብኝ ብዬ ነው። ሰኞ ጧት በሻይ ሰዓት «ሄድህ ወይ?» ብለው ይጠይቁኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ